ጥንድ ንግሥት ይዞ መበላት

ቁማርተኛን የሚያደኸየው መጥፎ ካርታ አይደለም። መጥፎ ካርታ የደረሰው ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ ይጥለውና ሲጋራውን ለኩሶ የሌሎቹን ጨዋታ ያያል። ቤት የሚያፈርሰው ጥሩ ካርታ ነው። ጥሩ ሆኖ ከሌላ ሰው ካርታ ያነሰ! ኮንከር የተጫወተ ሁሉ ይሄን ያውቃል፤ አንድ ካርታ ብቻ ቀርቶት «በቃ ዘጋሁ» ብሎ ሲጠብቅ ከጎኑ ያለው ልጅ ቀድሞ ዘግቶ ጠረጴዛው ላይ የዘረጋበት ቀን አለው።

የዛሬው ጽሑፌ ከላስ ቬጋስ ተነስቶ ወረታ ይገባል። «ፖከርና ፎገራን ምን አገናኛቸው?» ለምትሉ፣ ሽንኩርት አገናኛቸው። ትንሽ ታገሱኝ።

እ.ኤ.አ. በ1988 የዓለም ፖከር ሻምፒዮና ዋናው ውድድር ፍጻሜ ላይ ሁለት ሰዎች ቀሩ። አንዱ የዓመት በፊቱ ሻምፒዮን ጆኒ ቻን፣ ሌላው ኤሪክ ሳይደል የሚባል ወጣት። ጨዋታው ቴክሳስ ሆልደም ነው፤ እያንዳንዱ ተጫዋች ለብቻው የሚያያቸው ሁለት ካርታዎች ይሰጡታል፣ አምስት ደግሞ ለሁሉም ጠረጴዛው ላይ በየተራ ይዘረጋሉ። በመጨረሻው ጨዋታ መጀመሪያ ከተዘረጉት ሦስት ካርታዎች አንዷ ንግሥት ነበረች። ሳይደል በእጁም ንግሥት ነበረችው። ጥንድ ንግሥት ማለት ነው፤ ከተዘረጉት ካርታዎች ጋር ሊሠራ የሚችለው ትልቁ ጥንድ። ቻን ዝም አለ። ሌላ ካርታ ተዘረጋ፣ አሁንም ብዙ አልተነፈሰም። ሳይደል በስተመጨረሻ ያለውን ገንዘብ በሙሉ ወደ መሐል ገፋው። ቻን ግን ገና ሦስቱ ካርታዎች ሲዘረጉ ከስምንት እስከ ንግሥት በተከታታይ የተደረደሩ አምስት ካርታዎች ሞልተውለት ነበር። ዝም ያለው ፈርቶ አልነበረም። እያበላው ነበር።

ጨዋታውን «ራውንደርስ» የተባለው የ1998 ፊልም ደጋግሞ ስላሳየው ሳይደል ለዓመታት መሳለቂያ ሆኖ ኖሯል። እኔ ግን አልስቅበትም። ጥንድ ንግሥት ጥሩ ካርታ ነው። ያጣው አንድ ነገር ነው፤ ሌላው ሰው በእጁ ምን እንደያዘ አላየም።

ያምናው ዋጋ

አሁን ወደ ወረታ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ የደብረ ታቦሩ መንገድም ከእርሷ ይገነጠላል። ዙሪያዋ የፎገራ ሜዳ ነው፤ ርብና ጉማራ የሚያጠጡት፣ ክረምት ላይ ደግሞ የሚያጥለቀልቁት፣ እስከ ጣና ዳር የሚዘረጋ ጥቁር አፈር። በክረምት ሩዝ ይሸፍነዋል። ሩዙ ከተነሳ በኋላ አንዱ በቀረችው እርጥበት ሽምብራ ወይም ጓያ ይዘራል፣ ውሃ የሚያገኘው ደግሞ ሞተር ፓምፑን አስነስቶ ሽንኩርትና ቲማቲም ይተክላል።

ሽምብራና ጓያ ሕይወት ናቸው፤ ሽንኩርት ግን ዕጣ ነው። በአንድ ዓመት የቆርቆሮ ቤትና ባጃጅ ያመጣል፣ በሚቀጥለው ዓመት በሬ ያሸጣል።

ለምን? ነገሩን በወራት ተከተሉት። ሽንኩርት በገበያ ላይ የሚወደደው በክረምት ነው፤ ዝናብ ላይ ምርት ስለሚያንስ። የበጋው ሽንኩርት ዘር መደብ ላይ የሚፈሰው ደግሞ ክረምቱ ሲወጣ ነው። ስለዚህ ገበሬው የሚተክለውን በሚወስንበት ሰዓት ዓይኑ ላይ ያለው ዋጋ የዓመቱ ከፍተኛው ዋጋ ነው። በ2015 ሽንኩርት አዲስ አበባ ላይ በኪሎ ከ100 ብር በላይ ሲሸጥ እኛ ከተሜዎቹ «ወጥ ያለ ሽንኩርት እንዴት ይሠራል?» እያልን ስናማርር፣ ሽንኩርት አምራች የሆነ ሰው ሁሉ ምን እያሰበ እንደነበር መገመት አያቅትም። ያ ዋጋ ጥንድ ንግሥት ነው። በእውነትም ያምራል።

ችግሩ ያንኑ ዋጋ ጎረቤቱም አይቶታል። ናበጋ ያለውም፣ ሽና ያለውም፣ ዋገጠራ ያለውም። ከጉማራ ማዶ ደራ ያለውም፣ ከርብ ማዶ ሊቦ ከምከም ያለውም። ጣናን ተሻግሮ ያለውም፣ ስምጥ ሸለቆ ያለውም። ሁሉም በእጁ ያለውን ካርታ እያየ በልቡ «ዘንድሮ ሞላልኝ» ይላል። ሁሉም በአንድ ሰሞን ይተክላል፣ በአንድ ሰሞን ያወጣል። ከየካቲት በኋላ ካርታው ሲገለጥ ገበያው በሽንኩርት ተጥለቅልቋል፣ ዋጋው ወድቋል። የከሰረው ሁሉ በሚቀጥለው ዓመት ይሸሻል፤ ሽንኩርት ይጠፋል፤ ዋጋ ይሰቀላል፤ ሁሉም ይመለሳል። ኢኮኖሚስቱ ኒኮላስ ካልዶር እ.ኤ.አ. በ1934 ለዚህ ዓይነቱ ዑደት «የሸረሪት ድር» የሚል ስም አውጥቶለታል፤ በግራፍ ሲሳል ድር ስለሚመስል። ስሙ ያስደስተኛል። ዝንቧ ማን እንደሆነች መናገር አያስፈልገኝም።

ማነው የሚቀመጠው?

ይሄ የአዛውንት ገበሬዎች ጉዳይ ብቻ ቢመስላችሁ ተሳስታችኋል። እስኪ አንድ ልጅ እናስብ። ስም አልሰጠውም፣ ስሙ ብዙ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቋል፣ ሥራ የለም፣ ቤተሰቡ ጋ ተመልሷል። የአባቱ መሬት ትንሽ ናት። ስለዚህ ከአንዲት አቅመ ደካማ ጎረቤት መሬት ይከራያል፣ ከአጎቱ ይበደራል፣ እናቱ ጊደሯን ትሸጥለታለች። ዘር ገዛ፣ ማዳበሪያ ገዛ፣ የፓምፕ ኪራይና ነዳጅ ከፈለ፣ ችግኝ ለሚተክሉ የቀን ሠራተኞች ከፈለ። ይሄ ሁሉ አንድም ራስ ሽንኩርት ሳይታይ ነው።

በካርታ ቋንቋ ያለውን ሁሉ ወደ መሐል ገፍቷል። ያውም የራሱን ብቻ ሳይሆን የእናቱንም።

እዚህ ላይ ከላስ ቬጋሱ ጨዋታ ጋር አንድ የሚያስደነግጥ ልዩነት አለ። ሳይደል በዚያች ሌሊት ተበልቶ ሁለተኛ ወጣ። ሁለተኛ በመውጣቱ 280,000 ዶላር ተከፈለው። የመግቢያ ክፍያው ደግሞ 10,000 ዶላር ነበር። በውድድር ፖከር ደንቡ ይሄ ነው፤ የቱንም ያህል የከፋ ስህተት ብትሠሩ የምታጡት መግቢያችሁን ነው። ጠረጴዛው ላይ የሚገፋው ክምር የውድድሩ ጠጠር እንጂ የቤታችሁ ካርታ አይደለም። ሳይደልም ወደ ቤቱ ሄደ፣ ተመልሶ መጣ፣ ዛሬ ከዓለም ታላላቅ ተጫዋቾች አንዱ ተብሎ ይቆጠራል። ስህተቱን ለመማር ዕድሜና ገንዘብ ተረፈው።

የኛ ልጅስ? ፎገራ ላይ ሁለተኛ ለወጣ ሽልማት የለም። የጠፋው መግቢያ ብቻም አይደለም፤ አጎቱም አለ፣ ጊደሯም አለች፣ የሚቀጥለው ዓመት ዘር መግዣም አለ። አንድ ጊዜ የተበላ ሰው ከስህተቱ ተምሮ በሚቀጥለው ዓመት በተሻለ ሁኔታ ሊጫወት ይችላል፤ የሚጫወትበት ነገር ግን የለውም። ያን ጊዜ የሚቀረው ወደ መተማ የጉልበት ሥራ ወይም ወደ አዲስ አበባ አውቶቡስ ነው።

የደላላው ስልክ

ሁለተኛው ዓይነት ውድ ስህተት የመጀመሪያው ግልባጭ ነው፤ አሸናፊ ካርታ ይዞ መጣል።

እ.ኤ.አ. በ2003 በዚሁ ሻምፒዮና ላይ ክሪስ መኒሜከር የሚባል፣ ከቴነሲ የመጣ የሒሳብ ሠራተኛ ፍጻሜ ደረሰ። መግቢያውን ያገኘው ከ100 ዶላር ባነሰ ክፍያ በኢንተርኔት በተደረገ ማጣሪያ ነው። ፊት ለፊቱ የተቀመጠው በሊባኖስ የተወለደው ሳሚ ፋራሃ ዕድሜውን በቁማር የጨረሰ ባለሙያ ነበር። በአንዱ ወሳኝ ጨዋታ ፋራሃ ጥንድ ዘጠኝ ይዞ ነበር፤ መኒሜከር ግን ምንም አልነበረውም፣ የጠበቃቸው ካርታዎች ሁሉ አልመጡለትም። ምንም ሳይኖረው ያለውን ሁሉ ገፋ። ፊቱ እንደ ግድግዳ ነበር። ፋራሃ አሰበ፣ ጠረጠረ፣ ሊያነጋግረው ሞከረ፤ ከዚያ ጥንድ ዘጠኙን ጣለ። ውድድሩን መኒሜከር አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ፋራሃ 1.3 ሚሊዮን ወሰደ (ሁለተኛ ለወጣ ሽልማት አለ ብያችኋለሁ)።

ፎገራ ላይ መኒሜከር ስልክ ይዞ ይመጣል። ሽንኩርቱ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ማሳው ዳር ቆሞ «አዲስ አበባ እኮ ወድቋል፤ አይሱዙውም ነገ ነው የሚመጣው፤ አሁን ቀብድ ካልተቀበልክ እኔም አልመለስም» ይላል። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ባዶ እጁን ሊሆንም ይችላል። ገበሬው በምን ያውቃል? ሽንኩርት ይበሰብሳል፤ ማቆያ የለውም፤ የአበዳሪው ቀን ደርሷል። ስለዚህ ጥንድ ዘጠኙን ይጥላል። ከሳምንት በኋላ ያ ሽንኩርት ባሕር ዳር ላይ በስንት እንደተሸጠ ሲሰማ ሌሊቱን አይተኛም።

ደላላውን ሰይጣን ላደርገው አልፈልግም። መኪናው መንገድ ላይ ከተበላሸ፣ መንገዱ ከተዘጋ የሚከስረው እሱም ነው። በክልሉ በ2015 ክረምት ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ መንገድ የተዘጋባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም፤ ተጭኖ የቆመ ሽንኩርት ደግሞ ሰላም እስኪወርድ አይጠብቅም። ደላላው ቁማርተኛ ከሆነ ቢያንስ ብዙ ጠረጴዛ ላይ የሚጫወት ቁማርተኛ ነው፤ አንዱ ማሳ ላይ ቢበላ ሌላው ላይ ይበላል። ገበሬው አንድ ጠረጴዛ አለው፤ ያውም በዓመት አንዴ የሚዘረጋ።

በነገራችን ላይ፣ ፎገራ አሸናፊ ካርታ ሊጥል ሲል ለጥቂት የተረፈ አገር ነው። ሩዝ ወደ ሜዳው የገባው በ1970ዎቹ በእኛ አቆጣጠር፣ በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች እገዛ፣ በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ነው። ክረምት ውሃ የሚተኛበት መሬት ጤፍ አያበቅልም ተብሎ ለከብት ግጦሽ የተተወ ነበር። ደርግ ሲወድቅ ማኅበራቱ ፈረሱ። «የማኅበር ነገር» ተብሎ ሩዙም አብሮ ሊጣል ይችል ነበር። ግን ዘሩ በገበሬ እጅ ቀረ፣ ገበሬው እንጀራ ጋገረበት፣ «ኤክስ-ጅግና» የሚባለው ዝርያ ሜዳውን ሞላው። ዛሬ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለው ወረታ ላይ ነው። ይሄም ያለ ዋጋ አልመጣም፤ የድሮ ግጦሽ ሩዝ ሲሆን ስመ ጥሩው የፎገራ ላም የሚሰማራበት ሜዳ ጠበበ። ቢሆንም ሩዝ ከሽንኩርት የሚለይበት ነገር አለ፤ ጎተራ ውስጥ ይቆያል። የሚቆይ ነገር ያለው ሰው ደላላው ስልክ ሲያነሳ አይንቀጠቀጥም።

የወደቀ ዛፍ

ከሁሉ የሚያናድደኝ እኛ ተመልካቾቹ የምንፈርድበት መንገድ ነው። ሽንኩርት ተክሎ ያተረፈውን «ጎበዝ! ገበያ የሚያነብ!» እንላለን። በዚያው ሰሞን፣ በዚያው ዘር፣ በዚያው ድካም ተክሎ የከሰረውን «ስግብግብ! ምን አስቸኮለው? ሩዙ አይበቃውም?» እንላለን። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ሁለቱ ሰዎች ያደረጉት ውሳኔ አንድ ነው። የተለያየው ውጤቱ ነው።

አኒ ዱክ የምትባል የቀድሞ የፖከር ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመችው መጽሐፍ ስለዚህ አመል ጽፋለች። ቁማርተኞች «ሪዛልቲንግ» ይሉታል፤ የውሳኔን ጥራት በውጤቱ ብቻ መመዘን። ሰክሮ ነድቶ በሰላም ቤቱ የገባ ሰው ጥሩ ሹፌር አይደለም። በጥንቃቄ ነድቶ ሌላ ሰው የገጨው ደግሞ መጥፎ ሹፌር አይደለም። ይሄ ለመኪና ሲሆን ይገባናል። ለሽንኩርት ሲሆን ግን ይጠፋብናል።

እኛ ከተሜ ወጣቶች ደግሞ በዚህ ነገር ላይ አፋችንን ሞልተን የምንናገር አይደለንም። የስፖርት ውርርድ ቲኬት ቆርጠን ስንት ቅዳሜ አሳልፈናል? አምስት ጨዋታ ያለው ቲኬት እንውሰድ። እያንዳንዱን ጨዋታ ከ100 ውስጥ 60 ጊዜ በትክክል የሚገምት ልጅ አለ እንበል (እንዲህ ያለ ልጅ ካለ አስተዋውቁኝ)። አምስቱም አንድ ላይ የሚገቡለት ከ100 ቲኬት ውስጥ 8ቱ ብቻ ናቸው። 92ቱን ማንም አያሳይም፤ የገባችውን አንዷን ግን ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ይለጥፋታል። እኛም እሷን አይተን «ልጁ ይችላል» እንላለን። የወረታ ገበያ ላይም የሚታየው የገባችው ቲኬት ናት፤ አዲሱ ባጃጅ በአደባባይ ይሄዳል፣ የተሸጠችው ጊደር ግን አትታይም።

ልዩነቱ ይሄ ነው፤ የውርርድ ቲኬት የሚቆርጠው ልጅ ባይቆርጥ ይቀርበታል እንጂ አገር አይራብም። ሽንኩርት የሚተክለው ልጅ ባይተክል ግን እኔና እናንተ ወጥ የለንም። የኛን ድስት ለመሙላት ቁማር እንዲጫወት ያስገደድነውን ሰው ነው «ቁማርተኛ» እያልን የምንሰድበው።

መቼ ይጣላል?

እንግዲህ ጥሩ ተጫዋች ከመጥፎ የሚለየው ካርታ መጣያው ሰዓት ላይ ነው ይባላል። ገበሬው መቼ መጣል ይችላል?

ቁጥር አብረን እናስላ፣ ለምሳሌ ያህል ነው። አንድ ሰው ማሳው ላይ 80,000 ብር አፍስሷል። ሽንኩርቱ ደርሷል። ለመንቀል፣ ለመቁረጥ፣ በከረጢት ለመሙላትና መንገድ ዳር ለማድረስ ሌላ 20,000 ብር ያስፈልገዋል። ደላላው ለሁሉም 30,000 ብር ይሰጠዋል። ከነቀለ 70,000 ይከስራል፣ ከተወው 80,000 ይከስራል። ስለዚህ እያለቀሰም ቢሆን ይነቅላል። ደላላው 15,000 ብቻ ቢለውስ? ከነቀለ 85,000፣ ከተወው 80,000። አሁን የሚሻለው መሬት ውስጥ መተው ወይም ከብት መልቀቅ ነው። ያፈሰሰው 80,000 በሁለቱም ስሌት ውስጥ አንድ ነው፤ ተመልሶ አይመጣም። ግን ማነው ያን ያህል የደከመበትን ነገር «ሒሳቡ እንዲህ ነው» ብሎ ትቶ የሚሄድ? ላስ ቬጋስ ያሉት ባለሙያዎች እንኳን የገፉት ገንዘብ አሳዝኗቸው መጣል ሲያቅታቸው ነው የሚታዩት።

ስለዚህ ምርት ላይ ደርሶ መጣል በጣም ዘግይቷል። ትክክለኛው የመጣያ ሰዓት መስከረምና ጥቅምት ነው፤ ዘሩ መደብ ላይ እያለ፣ የሠራተኛና የነዳጅ ገንዘብ ገና ኪስ ውስጥ እያለ። በዚያ ሰዓት «ዘንድሮ ግማሹን ሽንኩርት፣ ግማሹን ሽምብራ» ማለት ይቻላል። ለማለት ግን የሌላውን ካርታ ማየት ያስፈልጋል።

ቁጥሩ ወዴት ይሄዳል?

የጋዜጠኝነት ትምህርት ያስለመደኝ አንድ ጥያቄ አለ። ማን፣ ምን ያውቅ ነበር? መቼ?

ፖከር ላይ ካርታው የሚደበቀው ደንቡ ስለሆነ ነው፤ ካልተደበቀ ጨዋታ የለም። ፎገራ ላይ ካርታውን የደበቀው ማነው? ማንም! በየቀበሌው የግብርና ባለሙያ አለ። በበጋ መስኖ ስንት ሄክታር በምን ሰብል እንደተሸፈነ ይመዘገባል፤ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ይላካል። ቁጥሩ ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ላይ ወጥቶ የዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርት ይሆናል፣ «ከታቀደው ይህን ያህል በመቶ ተሳክቷል» ተብሎ ይጨበጨብለታል። ወደ ጎን ግን አይሄድም። ቁጥሩን የሰጠው ገበሬ ጎረቤት ወረዳ ምን እንደተከለ የሚያውቀው ሽንኩርቱን ይዞ ገበያ የወጣ ቀን ነው።

«ገበሬው ቁጥር ቢነገረው ምን ያደርገዋል?» የሚል አይጠፋም። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ (ያኔ ስሙ እንዲህ ነበር) እ.ኤ.አ. በ2014 የጀመረው 8028 ነጻ የስልክ መስመር ገበሬው ስልክ ደውሎ ምክር እንደሚሰማ አሳይቷል። ምርት ገበያው በ2000 ሥራ ሲጀምር የዕለቱን ዋጋ በሰሌዳ እያሳየ ነው። ሽንኩርት ስለሚበሰብስ በዚያ በኩል አይገበያይም፤ እሺ። ዋጋው ግን አይበሰብስም፤ በሬዲዮ ሊነገር ይችላል። «ፎገራ፣ ደራ፣ ሊቦ ከምከም፣ እስከ ዛሬ ችግኝ የፈላበት መደብ ካምናው በእጥፍ ይበልጣል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በጥቅምት ወር ሐሙስ ሐሙስ ቢነገር ስንት ጊደር ከመሸጥ ይተርፍ ነበር?

ሌላው ክርክር «ሁሉም ሰምቶ ወደ ቲማቲም ቢሄድስ?» የሚል ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። ለዚህም ነው አንድ ጊዜ ሳይሆን በየሳምንቱ መነገር ያለበት። ወደ ቲማቲም የሄዱት ሲበዙ እሱም ይነገራል። ሁሉም በአንድ ቀን አይተክልም፤ ዘግይቶ የሚተክለው የቀደመውን አይቶ ይወስናል። ፍጹም አይሆንም፤ በጨለማ ከመጫወት ግን ይሻላል።

ሽንኩርት ላይ ካርታ ሲደበቅ ምን እንደሚመጣ ለማወቅ ቺካጎን ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1955 ቪንሰንት ኮሱጋና ሳም ሲገል የሚባሉ ሁለት ነጋዴዎች ቺካጎ ላይ 30 ሚሊዮን ፓውንድ ሽንኩርት አከማቹ፤ በእኛ 136,000 ኩንታል ገደማ ነው። ከዚያ በወደፊት ዋጋ ውል ገበያ ላይ «ዋጋው ይወድቃል» ብለው ተወራረዱና ያከማቹትን ገበያ ላይ ለቀቁት። ነሐሴ ላይ 2 ዶላር ከ75 ሳንቲም የነበረው 50 ፓውንድ ከረጢት ሽንኩርት በመጋቢት 1956 በ10 ሳንቲም ተሸጠ። ባዶው ከረጢት ከሽንኩርቱ በለጠ! ስንት ገበሬ አብሮ ፈረሰ። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1958 በሽንኩርት የወደፊት ዋጋ ውል መነገድን በሕግ ከለከለ፤ ክልከላው ዛሬም አለ። ሕጉ ትክክል መሆን አለመሆኑ እስከ አሁን ያከራክራል። አንድ ነገር ግን አያከራክርም፤ ያኔም የተበላው ካርታውን ያላየው ነው።

ደንብ ይውጣ

የምጠይቀው ተአምር አይደለም። ውድድር ፖከር ያለውን ሁለት ነገር ለፎገራ እንስጥ ነው የምለው፤ የኪሳራ ጣሪያና ሁሉም የሚያየው ጠረጴዛ።

ጠረጴዛው ላይ የሚዘረጋው ቁጥሩ ነው፤ ወረዳው ወደ ላይ የሚልከውን በዚያው ቀን ቀበሌ በር ላይ ይለጥፈው። ቀይ ማኅተም እንኳን አያስፈልገውም። የኪሳራ ጣሪያው በሦስት መንገድ ሊመጣ ይችላል። አንደኛ፣ ማቆያ፤ ደርቆ በደንብ የተሰናዳ ሽንኩርት ነፋስ በሚያስገባ ጥላ ሥር ሳምንታትና ወራት ይቆያል፣ አሥር ገበሬ ተባብሮ የሚሠራው ዳስ ነው። ሁለተኛ፣ የብድር ውል፤ አበዳሪ ተቋማት መክፈያውን ልክ ምርት በሚወጣበት፣ ዋጋ በሚወድቅበት ሰሞን ከማድረግ ይልቅ ሁለት ወር ቢገፉት ደላላው ፊት የሚቆመው ገበሬ ሌላ ሰው ይሆናል። ሦስተኛ፣ መድን፤ ዝናብ ሲቀር የሚከፍል የሰብል መድን ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትግራይ ውስጥ ተሞክሯል። ዋጋ ሲወድቅ የሚከፍል ግን ከዚያ በላይ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም «ከባድ ነው» ብለን የተውነውን ሸክም አሁን የተሸከመችው የልጁ እናት ናት።

ለልጁ ራሱ ደግሞ፣ ሊያነበኝ ከቻለ፣ አንድ የቁማር ቤት ምክር አለኝ። ጎበዝ ተጫዋች የፈለገውን ያህል ቢተማመን የሁሉም ነገሩ መጨረሻ በአንድ ጨዋታ ላይ እንዲቆም አያደርግም። ያጎትህን ገንዘብ በሙሉ አትትከል። ያማረ ዋጋ ስታይ «እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት?» ብለህ ጠይቅ። አንተ ብቻ ካልሆንክ፣ ከሜዳው ማዶ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጆኒ ቻን አለ።

ለኛ ለከተሜዎቹ የሚቀረው ቀላሉ ነው። ሽንኩርት ሲረክስ ደስ ይለናል፤ ይበለን፣ ኑሮ ውድ ነው። ግን በየካቲት ገበያ ወጥተን በርካሽ ከረጢት ሙሉ ስንገዛ ያ ርካሽነት በአንድ ሰው ቤት ስንት እንዳወጣ እናስብ። ከዚያ በኋላ የከሰረውን «ስግብግብ» ለማለት አፋችን ከታዘዘ፣ እንበል።